ድሬዳዋ ሳቢያን ያሠራሁት የስቴንለስ ሃንድሬል፣ ከስምንት ወር በኋላ

ነገሩን ያወቅነው በእናቴ ነጠላ ነው። ደረጃውን ይዛ ስትወጣ ነጩ ነጠላ ላይ ቡናማ መስመር ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሃንድሬሉ እግሮችና የብየዳው ዙሪያ ዝገዋል። ስምንት ወር ብቻ!

ስገዛ ሻጩ ማግኔት አስጠግቶ «ይኸው አይስበውም፣ ኦርጅናል ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ለካ እኔ የገዛሁትን፣ 201 የሚባለውን የስቴንለስ ዓይነትም ማግኔት እምብዛም አይስበውም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 201 ላይ ውዱ ኒኬል ተቀንሶ ማንጋኒዝ ይገባበታል፤ ክሮሚየሙም ያንሳል። በዓይን ግን ሁለቱም እኩል ያብረቀርቃሉ። «ቁጥሩን መች ጠየቅከኝ?» ትለኝ ይሆናል። ወንድሜ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ብረት የምትሸጠው አንተ ነህ። መንገር የነበረብህ አንተ ነህ!

ጥፋቱን ሁሉ ብረቱ ላይ ብጥለው ግን ውሸት ይሆናል። ሴራሚክ ያነጠፈልን ልጅ የሲሚንቶውን ቅሪት በአሲድ ነው ያጠበው፤ ያውም ሃንድሬሉ ከተተከለ በኋላ። ስቴንለስን የሚጠብቀው ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር የሚሠራው የማይታይ ስስ ሽፋን ነው። አሲዱ ውስጥ ያለው ክሎራይድ (ጨው ውስጥም ያለው ነው) ያንን ሽፋን ይበሳዋል። ቀዳዳው ከላይ የመርፌ ጫፍ ያህላል፣ ወደ ውስጥ ግን እየሰረሰረ ይሄዳል። አሲዱ የተረጨበት የእግሮቹ ሥር ከሁሉ የባሰውም ለዚህ ነው። እኛም ሳናውቅ ወለሉን በየሳምንቱ በበረኪና ስንወለውል ከረምን፤ እሱም ክሎራይድ ይተዋል። 304 ቢሆንም ያንን አሲድ አይችለውም ነበር።

ላይኛው ቧንቧ ላይ የነበሩት ነጠብጣቦች ሌላ ናቸው። በያጁ አጠገቡ የመስኮት ፍርግርግ በግራይንደር ሲቆርጥ የተራው ብረት ፍንጣሪ ተጣብቆ ዝጎ ነው። በስፖንጅ ፈትጌ አስለቀቅኩት፣ አልተመለሰም። የእግሮቹ ግን በሳምንት ውስጥ ተመለሰ።

ጅቡቲ ባሕር ዳር ለሚሠራ ዘመድ ክሎራይድን ይበልጥ የሚቋቋመውን፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ያለውን 316 ግዛ እለው ነበር። እዚህ ድሬ ግን ለእኔ በወጉ የተያዘ 304 ይበቃኝ ነበር። ለ201 ያወጣሁት ብር ይቆጨኛል።

የሃንድሬሉን እግሮች በ304 አስቀይራለሁ። ደረሰኙ ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ አልከፍልም፤ ሴራሚኩም አጠገቡ በአሲድ አይታጠብም። እስከዚያ እናቴ ነጠላዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ነው የምትወጣው።