በሙስቲዬ የበላነው ምሳ፣ ወደ ቬርዶን ገደል ለሚነዱ

በደቡብ ፈረንሳይ ገጠር በመኪና ለመዞር ያሰበ ሰው፣ መንገዱን ከመምረጡ በፊት የምሳውን ሰዓት ቢወስን ይሻለዋል፤ በመንደሮቹ ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነውና። ከቫላንሶል እስከ ሙስቲዬ ሳንት ማሪ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ በሐምሌ መጀመሪያ ያበበው ላቬንደር በየመታጠፊያው እያስቆመን፣ መኪናችንን ከመንደሩ በታች አቁመን በእግር ዳገቱን ስንወጣ ለ8 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኖ ነበር። አስተናጋጇ ሰዓቷን አየት አድርጋ፣ ቶሎ እንድናዝዝ አሳስባ አስገባችን።

ያዘዝኩት ዶብ ነው። የበሬ ሥጋ በቀይ ወይን ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ከካሮት፣ ከቅጠላ ቅጠልና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር በዝግታ እሳት ለሰዓታት የሚበስል የፕሮቫንስ፣ ማለትም የዚህ የደቡብ ፈረንሳይ አካባቢ፣ ወጥ ሲሆን፣ እንደ ዶሮ ወጣችን ሁሉ ጥድፊያ አይወድም። የቀረበልኝ ሥጋ በሹካ ሲነካ ይበታተን ነበር፤ መረቁ ወፍራም፣ የልጣጩ መዓዛም ከወይኑ ሳይጎላ የሚታወቅ ነበር። ጨው በዝቶበታል ብልም ሳህኑን በዳቦ ጠርጌ ነው የመለስኩት።

እኅቴ የሰኔን ጾም ስላልፈታች ነገሩ ለእርሷ ከበድ ብሎ ነበር። ከወይራ ፍሬ የሚዘጋጀውን ታፕናድ የጾም መስሎን ልናዝዝ ስንል፣ አስተናጋጇ አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ እንዳለበት ሳትጠየቅ ነገረችን። በምትኩ ያመጣችላት በወይራ ዘይት የበሰለ ራታቱይ፣ ደበርጃን፣ ዝኩኒና ቲማቲሙ እያንዳንዱ ጣዕሙን እንደያዘ የቀረበ፣ ከእኔ ምግብ የሚበልጥ ነበር። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣውን ባኖን የተባለ የፍየል አይብ ግን ብቻዬን ቀመስኩት።

ቅር ያሰኘኝ ፍጻሜው ነው። ቡናችንን ሳንጨርስ ወንበሮች መደራረብ ጀመሩ፣ ሒሳቡም ሳንጠይቅ መጣ። ዘግይተን መግባታችንን ባልክድም፣ ለአንድ ሰው 30 ዩሮ የሚጠጋ ለሚያስከፍል ቤት አይመጥንም።

ሮዜ የሚባለው ፈዛዛ ቀይ ወይን ቢያጓጓም ነጂው በነፃ በሚቀርበው የቧንቧ ውኃ ይርካ፤ ከምሳ በኋላ የሚጠብቀው፣ ላ ፓሉ ከተባለው መንደር ተነሥቶ እዚያው የሚመለሰው የክሬት መንገድ 24 ኪሎ ሜትር ያህል በቬርዶን ገደል አፋፍ የሚሄድ ነው። ከፊሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነዳበት፣ የሚገባው ከላ ፓሉ በስተምሥራቅ ባለው መግቢያ ነው።