ፖቶሲ፦ አንድ ቀን፣ ሁለት አስጎብኚ

ቦሊቪያ ሄጄ ፖቶሲ ከተማ ላይ የሙሉ ቀን ጉብኝት ገዛሁ። ጠዋት የድሮው ገንዘብ ማተሚያ ቤት ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ሴሮ ሪኮ የሚባለው ተራራ ውስጥ ያለው የብር ማዕድን። ለሁለቱ የተመደቡልን አስጎብኚዎች የተለያዩ ነበሩ፣ ልዩነታቸውም የሰማይና የምድር ነው። የድርጅቱን ስም መጥቀስ አልፈልግም። ይህንኑ ጉብኝት የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ የምለው የትኛውንም ብትይዙ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ግን ትንፋሻችሁን አስቡበት። ከተማዋ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ደረጃ መውጣት ራሱ ያንገላታል። ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ግቡና እረፉ።

የጠዋቱ አስጎብኚ ወጣት ነው፣ ፈጣንና ተጫዋች። ማተሚያ ቤቱ በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1773 (ሁሉም ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ተሠርቶ ያለቀ ግዙፍ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ውስጡ ከስፔን በመርከብ የመጡ ትልልቅ የእንጨት ማሽኖች አሉ። ታች በቅሎዎች እየዞሩ ምሰሶውን ያሽከረክሩት ነበር፣ ላይ ደግሞ የእንጨት ጥርሶቹ ተያይዘው ሳንቲም የሚሆነውን ብር እየዳመጡ ያሳሱት ነበር። ልጁ ይህን ሲያስረዳ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ሰው ላይ ሲደርስ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወረወረ፦ «እዚህ ተራራ ውስጥ 8 ሚሊዮን ሰው አልቋል።» ከዚያ ወደ ቀጣዩ ክፍል።

ይህን ቁጥር ፖቶሲ ውስጥ የማይደግመው የለም። የታሪክ አጥኚዎች ግን ይህን የሚያህል ቁጥር የሚደግፍ ሰነድ የላቸውም። እኔን ያናደደኝ ደግሞ የቁጥሩ ትክክል አለመሆን ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ሰዎቹ ከየት መጡ? ማን ላካቸው? የመጡበት መንደርስ ምን ሆነ? ጠየቅኩት። «ሰዓት የለንም» አለኝ። ለእሱ ክፍል ከአምስት ሁለት፣ እሱም ለማሽኖቹ ነው።

የከሰዓቱ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ለዓመታት ራሳቸው እዚያው ተራራ ውስጥ ሲቆፍሩ የኖሩ። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኬችዋ፣ የነባሩ ሕዝብ ቋንቋ፣ ነው። መጀመሪያ የማዕድን ሠራተኞቹ ገበያ ወስደው ለሠራተኞቹ የምንሰጠው፣ እነሱ የሚያኝኩት ኮካ ቅጠልና ለስላሳ መጠጥ አስገዙን። ድማሚት ሳይቀር እንደ ሻማ ተደርድሮ ይሸጣል። ከዚያ ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ አላስገቡንም። ድንጋይ ላይ አስቀምጠውን ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ። የከፈልኩት ገንዘብ ያወጣው ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

የጀመሩት ከጥንቱ ነው። በ1545 የተራራውን ብር ያገኘው ዲዬጎ ዋልፓ የሚባል የአገሩ ተወላጅ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማቅለጡንም የያዙት ነባሮቹ ነበሩ፤ በነፋስ የሚሠሩ ትንንሽ ምድጃዎቻቸው ሌሊት ተራራውን በእሳት ነጠብጣብ ይሞሉት ነበር። በኋላ ጥሩው አፈር አለቀ። በ1570ዎቹ ብሩን በሜርኩሪ የማውጣት ዘዴ ሲመጣ ሥራው ወደ ስፔናውያኑ ወፍጮዎች ዞረ። ሜርኩሪው የሚመጣው ፔሩ ካለችው ዋንካቬሊካ ነው። ሠራተኞች ያንን መርዝ ከተፈጨው ድንጋይ ጋር በባዶ እግራቸው ይረግጡት ነበር።

ሠራተኛው ከየት ይመጣል? የስፔን ንጉሥ እንደራሴ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ «ሚታ»ን አመጣ። ሚታ ከስፔናውያን በፊት አገሩን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች ቃል ነው፣ ተራ እንደማለት። በኢንካ ዘመን ቤተሰብ በተራው ለመንግሥት ይሠራል፣ መንግሥትም ሲያሠራው ይቀልበዋል። ቶሌዶ ስሙን ወስዶ ውስጡን ለወጠው። ከ16 አውራጃዎች፣ ለሥራ ከደረሱ ወንዶች ከሰባቱ አንዱ በየዓመቱ ወደ ፖቶሲ እንዲሄድ ተወሰነ። ከ13,000 በላይ ወንድ ማለት ነው። ቲቲካካ ሐይቅ ዳር ካለችው ቹኩይቶ የሚነሳው ሰው ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ስንቅ የጫኑ ላማዎቹን ይዞ ሁለት ወር ያህል በእግሩ ይጓዝ ነበር። ደመወዝ አለው፣ ግን ለምግቡ እንኳ አይበቃውም። ጨለማ ውስጥ የሚያበራውን ሻማ ሳይቀር ከኪሱ ይገዛል።

ቀጥሎ ያሉትን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ብዙ ሰው መንደሩን ጥሎ ወደ ሌላ አውራጃ ጠፋ። እዚያ ሲደርስ «መጤ» ይባላል፤ መሬቱን ያጣል፣ ከሚታ ግን ይድናል። ችግሩ የመንደሩ ኮታ የሚሰላው በድሮው መዝገብ መሆኑ ነው። ፈንጣጣና ኩፍኝ የጨረሱት ሰው፣ የጠፋውም ጭምር፣ ሸክሙ በቀረው ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የመንደሩ አለቃ ሰው ሲያጣ በጎደለው ሰው ልክ ገንዘብ ይከፍላል። አንዳንድ የማዕድን ባለቤቶች ታዲያ ገንዘቡን ተቀብለው ሌላ ሠራተኛ ሳይቀጥሩ ኪሳቸው ይከቱታል። እነዚያ በአካል የሌሉት ሠራተኞች «የኪስ ኢንዲያኖች» ይባሉ ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ የጃኬታቸውን ኪስ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ሚታ በሕግ የቀረው በ1812 ነው።

ግን ሬሳ ብቻ አልቆጠሩልንም፤ ይህን ነው ያከበርኩላቸው። ገበያ ላይ የብር ድንጋይ ሲሸጡ ስለነበሩት ሴቶች ነገሩን። በሳምንቱ መጨረሻ ባለቤቶቹ በሌሉበት ገብተው ለራሳቸው ስለሚቆፍሩት «ካህቻዎች»ም አወሩልን፣ የገዛ አጎታቸውን ጀብድ እንደሚተርክ ሰው ፊታቸው በርቶ።

ውስጡ እንዴት ነው? ይከብዳል። ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል፣ ቦታ ቦታ ላይ በጉልበት መሄድ አለ። ቲዮ የሚሉት፣ የማዕድኑ መንፈስ የሆነ ባለ ቀንድ የሸክላ ምስል ጥጉ ላይ ተቀምጧል፣ አፉ ውስጥ ሲጋራ፣ እግሩ ሥር ኮካ። አሁንም በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ሰዎች አሉ፣ ሳንባቸው በድንጋይ ብናኝ ይጎዳል፣ ስለዚህ የምትገቡት ሰው የሚሠራበት ቦታ መሆኑን አትርሱ። ጋሪ ሲመጣ ሽማግሌው ግድግዳ ላይ ያስለጥፉናል። ሳይጠየቅ ፎቶ የሚያነሳን ሰው ተቆጥተውታል፣ ደግ አደረጉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የሰጡኝ የራስ ቆብ መብራት መሃል መንገድ ላይ ደከመ፣ የተመለስኩትም የፊቴን ሰው ብርሃን ተከትዬ ነው። ሳትገቡ አብሩና ሞክሩት። የተራራው አናት መደርመስ ስለጀመረ ዩኔስኮ ከተማዋን በ2014 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። እንዲህ ባለ ቦታ መብራት ቀልድ አይደለም።

ለከሰዓቱ ከአምስት አምስት ሰጥቻለሁ። ስትመዘገቡ አስጎብኚው የቀድሞ የማዕድን ሠራተኛ እንዲሆን ጠይቁ። ከቻላችሁ ቅደም ተከተሉንም ገልብጡት፦ መጀመሪያ ማዕድኑ፣ ከዚያ ማተሚያ ቤቱ። እኔ በማግስቱ ለብቻዬ ቲኬት ቆርጬ ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለስኩ፣ ልጁ በሩጫ ያሳለፈንን አንድ ሥዕል ለማየት። 18ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሣለ ነው፣ የሠዓሊው ስም አይታወቅም። ድንግል ማርያም ራሷ ተራራው ሆናለች፤ ቀሚሷ ሴሮ ሪኮ ነው፣ ከላይ ፊቷና እጆቿ ብቻ ብቅ ብለዋል። ሥላሴ ዘውድ ይጭኑላታል፣ ከታች የሮማው ጳጳስና የስፔን ንጉሥ ተንበርክከዋል። ቀሚሷ ላይ የኢንካዎቹ ንጉሥ ዋይና ካፓክ አለ፣ ጠመዝማዛ መንገድም አለ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። መንገዱ ላይ ከጥፍር የማይበልጡ ሰዎች ወደ ላይ እየወጡ ነው።