ይህን የማሽን ባለሙያ ልጅ ሳላመሰግን ማደር አልቻልኩም

ሱሉልታ ውስጥ አነስተኛ የውሃ ማሸጊያ አለን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማሽኑ እየቆመ አቃጠለን። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ቀጥ! አጥፍተን ስናበራው ይሠራል፣ ደግሞ ይቆማል።

ስንቱን ባለሙያ ጠራሁ መሰላችሁ። አንዱ ሳጥኑን በደንብ እንኳ ሳያይ «ፒኤልሲው ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» አለኝ። ፒኤልሲ ማሽኑን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። በዚህ የዶላር ዋጋ! ሌላው አጥፍቶ አብርቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ገና ከግቢው ሳይወጣ ማሽኑ ቆመ። ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። የመከላከያ በሩን ሴንሰር በሽቦ ባይፓስ አድርጎት ሄደ። በሩ ተከፍቶም ማሽኑ ይዞራል ማለት ነው። አላወቅኩም ነበር። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

በመጨረሻ ጓደኛዬ ይህን ልጅ ላከልኝ። እንደገባ መፍቻ አላነሳም። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ የምትሠራዋን ልጅ ጠየቃት። «እህቴ፣ መቼ መቼ ነው የሚቆምብሽ?» «የ2 ሊትሩን ስንሠራ ይብስበታል» አለችው። እስከዚያ ቀን እሷን የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ላፕቶፑን ሰካ። ለካ ፒኤልሲው የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝግቦ ይዟል! የአየር ግፊት ከሚለካው ሴንሰር የሚመጣው ሽቦ ይቋረጥ ነበር። ለ2 ሊትሩ ክዳን መግጠሚያው ከፍ ሲል ሽቦው ይወጠራል። ግፊቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ በሽቦው 4 ሚሊአምፒር ኤሌክትሪክ ይመጣል፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው አለኝ። ሌላም ብዙ አስረዳኝ፣ አልያዝኩትም። የገባኝ ማሽኑ ግፊቱን ሳያውቅ በጭፍን እንዳይሠራ ተብሎ እንዲያ መዘጋጀቱ ነው። እኛ ተቃጠለ የምንለው ሲጠብቀን ኖሯል።

ሽቦውን ቀይሮ ሊወጣ ሲል የበሩን ባይፓስ አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ ሳይነሳ አልሄድም። የዚች ልጅ እጅ እኮ ነው» አለ። መሽቷል፣ ማንም አልጠየቀውም። አስተካክሎ በሩን ራሱ እየከፈተ ደጋግሞ ሞከረው። በከፈተ ቁጥር ማሽኑ ይቆማል። ለዚያ ተጨማሪ ብር ስሰጠው እንቢ አለኝ።

አባቴ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ሁለት ጣቱን ያጣ ሰው ነው። ያን ማታ እሱን እያሰብኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ፋብሪካ፣ ዳቦ ቤት፣ ዘይት መጭመቂያ ያላችሁ፣ ማሽናችሁ ቀይ ካበራ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጥሩት። እባካችሁ እሱን ጥሩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ!