ያገለገለ የከብት ካሶኒ ወለል ሲቀየር፦ ጣውላ፣ ላሜራ ወይስ ኮምፔንሳቶ?

በግ፣ በሬ ወይም ፈረስ ሲጭን የኖረ አይሱዙ ሊገዙ ከሆነ ከሞተሩ ቀጥሎ የሚፈተሸው ወለሉ ነው። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚመላለስ ካሶኒ (የመኪናው የጭነት ሳጥን) ወለሉን የሚጨርሰው ከክብደት ይልቅ ሽንት ነው። ሽንቱ ጣውላውና ከስር ያለው አግዳሚ ብረት በሚነካኩበት ቦታ ገብቶ ሳይደርቅ ይከርማል። እንጨቱ ከታች ይበሰብሳል፣ ብረቱም እዚያው ይዝጋል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ምንጣፉንና ገለባውን ያስነሱና ከመኪናው ስር ይግቡ። ጣውላውን በየጫፉና ብሎን በገባበት ዙሪያ በካቻቢቴ ይውጉት፤ ያለ ጉልበት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከገባ ያ ጣውላ አልቆለታል። አግዳሚ ብረቱን በመዶሻ ይምቱት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ ዝገቱም በቅርፊት ይረግፋል። ከስር ትኩስ ጥቁር ቀለም ካዩ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ። ሁለት ሦስት አግዳሚ ከተበላ ከወለሉ ዋጋ በላይ የሚቀነስ ነገር አለና ዋጋውን በዚያ ይከራከሩ።

ንጽጽሩን 4 ሜትር በ2 ሜትር በሆነ፣ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አግዳሚ ባለው ካሶኒ እንየው፤ 8 ካሬ ሜትር፣ 9 አግዳሚ። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ባህር ዛፍ ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል፤ የጥድ ጣውላ በዚያው ውፍረት 175 ገደማ። ላሜራ በ4 ሚሊ ሜትር 250፣ በ3 ሚሊ ሜትር 190 ኪሎ ይሆናል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 85 ኪሎ ቢሆን ነው። ጣውላ መኪናውን ያከብዳል የሚባለው እንግዲህ ከወፍራም ላሜራ ጋር ሲነጻጸር እውነት አይደለም።

ደጋ ላይ እንስሳ ብቻ ለሚጭን ሰው ምርጫችን ጣውላ ነው። ኮቴ ይይዛል፤ በኅዳር ውርጭም ለተኛ በግ እንደ ብረት አይቀዘቅዝም። አንዱ ሲበላሽ አንዱን ብቻ ፈትቶ መተካት ይቻላል። ችግሩ የእንጨቱ እርጥበት ነው። በአካባቢያችን በብዛት የሚሸጠው ነጭ ባህር ዛፍ ሲደርቅ እጅግ ይኮማተራል፤ እርጥብ ሳለ 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያጣ ይችላል። እርጥቡን ገጥሞ የሄደ አናጢ ከአንድ በጋ በኋላ የበግ እግር የሚሰብር ክፍተት ትቶ ይገኛል፤ ጣውላውም ተጣሞ ብሎኑን ይስባል። ተሰንጥቆ በጥላ ስር ቢያንስ አንድ በጋ ሙሉ የተረበረበውን ይጠይቁ። በነሐሴ “ደረቅ ነው” የሚባልዎትን ጣውላ አይመኑ፤ አንስተው ይመዝኑት፣ ከሌላው ጋር ያስተያዩት።

የጥድ ልብ መበስበስንም ምስጥንም በመቋቋም ከባህር ዛፍ በጣም ይበልጣል፤ የውጪው ነጭ ክፍሉ ግን አይጠቅምም። ሲመታ ስለሚሰነጠቅ ለፈረስና ለበሬ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። እንደ ወፍ ዋሻ ካለ የተፈጥሮ ደን የወጣ እንዳይሆን ሕጋዊ ወረቀት የሌለውን አይግዙ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የጥድ ጣውላ ካገኙ ግን፣ ምስማሩ በደንብ ከተነቀለለት፣ ለዚህ ሥራ የሚወዳደረው የለም።

ለዚህ ካሶኒ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር 10 ጣውላ ይበቃል። በመካከላቸው 7 ሚሊ ሜትር ክፍተት ስለሚተው የመጨረሻው በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠባል። ብሎኑ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በሁለቱ ጫፍ አግዳሚዎች ላይ ለእያንዳንዱ ጣውላ ሁለት ሁለት፣ በመካከለኞቹ ሰባት ላይ አንድ አንድ፣ በድምሩ 110 ብሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው። ጭንቅላቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይስመጥ፤ ካልሰመጠ ኮቴ ይጎዳል፣ ራሱም ያልቃል። የአግዳሚው ዝገት ተፍቆ ሁለት ጊዜ አንቲረስት ይቀባል። የጣውላው ጫፎችና ቀዳዳዎችም ከመገጠማቸው በፊት ሁለት ጊዜ የዘይት ቀለም ይጠጡ፤ ውኃ የሚገባው በእነሱ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ ወለሉን ያንሸራትታል፣ ጸጉርና ቆዳም ያበላሻል።

ላሜራ የሚያዋጣው ጭነት ለሚያፈራርቅ ነው፤ ዛሬ በግ፣ ነገ ጤፍ። እህል አያፈስም፣ በአካፋ ይጠረጋል። 1 በ2 ሜትር የሆነ 4 ቅጠል ልክ ይሸፍነዋል፤ በአግድም ሲነጠፍ መገጣጠሚያው ሁሉ አግዳሚ ላይ ያርፋል። ፊቱ ጉብጉብ ያለውን 4 ሚሊ ሜትር ይውሰዱ። 3 ሚሊ ሜትሩ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሰረጉዳል፣ ሽንቱም እዚያው ይቋጥራል፤ እሱን ካሉ በየመካከሉ አንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ያስጨምሩ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ እንስሳው በሙሉ ወደ ፊት ስለሚንሸራተት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በአግድም ይበየድ፤ ሽንት እንዲያልፍ ከሁለቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ይተው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ፀሐይ የመታው ላሜራ ስለሚያቃጥል ወፍራም ገለባ ወይም ጎማ ይፈልጋል፤ ጎማው በየጊዜው ተነስቶ ከስሩ ካልታጠበ ደግሞ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ኮምፔንሳቶ ለበግና ለፍየል ብቻ። 4 ቅጠል ይፈጃል፣ በአንድ ቀን ይገጠማል። ፈረስና በቅሎ ክብደታቸውን በአንድ ኮቴ ላይ ሲጥሉበት ግን ይሰበራል፤ በተቆረጠው ጠርዝ ውኃ ከገባም ንብርብሩ ይላቀቃል።

ከሁሉም የከፋው በበሰበሰ ጣውላ ላይ ላሜራ ማልበስ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ሻጮች ይወዱታል። እርጥበቱ በሁለቱ መካከል ይታፈናል፣ እንጨቱ ዱቄት ይሆናል፣ ላሜራው ከማይታየው ፊቱ ይበላል፤ አንድ ቀን የበሬ እግር ይዞት ይወርዳል። ከላይ ላሜራ ከስር እንጨት ካዩ ሙሉ ወለል እንደሚቀየር አስበው ዋጋ ይቁረጡ።

ጋራዡን ሲያናግሩ አሮጌው ወለል ተነስቶ አዲሱ ሳይገጠም ብረቱን ሊያዩ እንደሚመጡ ይስማሙ። ብየዳ ካለ ባትሪው ይፈታ፤ ከስር ያለው የነዳጅ ታንከርና የፍሬን ቱቦ ከእሳት ፍንጣሪ ይከለል።