ሴይልፊሽ ኦኤስ ከግማሽ ዓመት በኋላ፦ ከአንድሮይድና ከአይፎን ውጭ መኖር ይቻላል?

ስልኬ ሶኒ ኤክስፔሪያ 10 ማርክ 3 ነው። ሲሸጥ አንድሮይድ ነበር የተጫነበት። እኔ ያንን አጥፍቼ ሴይልፊሽ ኦኤስ የተባለውን የፊንላንድ የስልክ ሲስተም (ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር) ጫንኩበት። ፍራንክፈርት ውስጥ የዕለት ስልኬ ከሆነ ግማሽ ዓመት አለፈው።

ከሁሉ የምወድለት በጣት የሚነዳበትን መንገድ ነው። ከስክሪኑ ጠርዝ ጠረግ ሲያደርጉት የነበሩበት መተግበሪያ ትንሽ ካርድ ሆኖ መነሻ ገጹ ላይ ይቀመጣል። እዚያም ሆኖ ሥራውን አያቆምም። ዘፈኑን ለማቆም ማጫወቻውን መክፈት አያስፈልግም፤ ካርዱ ላይ ያልቃል። ምናሌው የሚመጣው ደግሞ ገጹን ወደ ታች ሲስቡት ነው። ከለመዱት በኋላ ሳያዩ ይመርጣሉ። አሁን የሰው ስልክ ስይዝ ጣቴ ሳላዘው ጠርዝ ላይ ይሄዳል።

ይህ አሠራር ታሪክ አለው። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ወደ ዊንዶውስ ፎን ሲዞር ከኢንቴል ጋር ይሠራው የነበረውን ሚጎ የሚባል ሲስተም ተወው። ሚጎ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ጥቂቶቹ ወጥተው ሴይልፊሽን የሚሠራውን ዮላ የተባለ ኩባንያ መሠረቱ። የመጀመሪያ ስልካቸው በ2013 መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ፎን ሞተ። ማይክሮሶፍት ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ አላዳነውም። ሌሎቹ የስልክ ሲስተሞች፣ ፋየርፎክስ ኦኤስም፣ ብላክቤሪ 10ም ቀሩ። ትንሹ ዮላ ግን በ2015 የገንዘብ ችግር አንገቱን ቢያንቀውም ዛሬም አለ።

በምን ቆየ? በእኔ እምነት ትልቁ ምክንያት የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ማስኬድ መቻሉ ነው። ወደ 50 ዩሮ የከፈልኩበት የሴይልፊሽ ፈቃድ ዋና ጥቅሙም ይኸው ነው። ግን ነገሩ ሁለት ስለት አለው። የአንድሮይዱ ከሠራ ማን ለሴይልፊሽ ብሎ አዲስ መተግበሪያ ይጽፋል? ብላክቤሪ 10ም የአንድሮይድ መተግበሪያ ያስኬድ ነበር፤ አልተረፈም። ካይኦኤስ የሚባለው ሲስተም ሌላ መንገድ መረጠ። አንድሮይድን በሜዳው ከመግጠም ይልቅ ባለቁልፍ ርካሽ ስልኮች ላይ ገባ፤ በ2017 ህንድ ውስጥ ጂዮፎን በሚባል ስልክ ላይ ወጣ። ብልህ ምርጫ ነበር።

ወደ ራሴ ስልክ ልመለስ። የባንኬ መተግበሪያ ተጫነ፣ ተከፈተ፣ ከዚያ ይህን ስልክ አላምነውም ብሎ ተዘጋ። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ስልኩ በጎግል የጸደቀ መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ሴይልፊሽ ደግሞ ያ ማረጋገጫ የለውም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንድ ሲስተም የቱንም ያህል ፈጣንና ምቹ ቢሆን በሩ ላይ የቆመው ተፎካካሪው ነው። ይህ እንዴት ፉክክር ይባላል? ባንኩ በካርድ የሚሠራ፣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ ስለሚሸጥ እሱን ገዝቼ በብሮውዘር እጠቀማለሁ።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በተራ ቀፎ *127# ብላ በቴሌብር ገንዘብ ትልካለች። የስልኩን ሲስተም ማን እንደሠራው የሚጠይቃት የለም። የጀርመን ባንኮች ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለኛል።

ከቤተሰብ ጋር የምገናኘው በቴሌግራም ነው፤ እሱ ላይ ችግር የለም። የጎግል አገልግሎት ባይኖርም ራሱ መስመሩን ከፍቶ መልእክት ይጠብቃል። በጎግል በኩል ብቻ ማሳወቂያ የሚልኩት ግን ካልተከፈቱ ዝም ይላሉ።

ሌላው አማርኛ ነው። አብረውት ከሚመጡት ኪቦርዶች ውስጥ የኛ ፊደል የለም። ለአጭሩ ድምፅ እልካለሁ፣ ለረጅሙ ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ። ደስ የሚለው የኪቦርዱ አቀማመጥ ተጠቃሚ ራሱ ሊጽፈው የሚችል ፋይል መሆኑ ነው። ፕሮግራም የሚችል አበሻ አንዱ ቢነሳ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። እኔም በመሞከር ብረዳው ደስታውን አልችለውም።

መግዛት ለምታስቡ፦ ነጻው ስሪት የአንድሮይድ መተግበሪያ አያስኬድም። አነዳዱን ለመልመድ ይበቃል፣ የዕለት ኑሮን ግን አያሳይም። ከመክፈላችሁ በፊት ባንካችሁ ያለ መተግበሪያው እንዴት እንደሚያስገባችሁ ጠይቁ። መንገድ ካለው፣ ግዙት።