የራስን ሹሩባ በራስ እጅ፦ የአራት ቅዳሜ ትምህርት ግምገማ

ባለፈው ሐምሌ አራት ቅዳሜዎችን ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የፀጉር ቤት አሳልፌአለሁ። የሄድሁት ለመሠራት ሳይሆን ለመማር ነበር፤ ቤቱ ከዕለት ሥራው ጎን ለጎን ሴቶች የገዛ ፀጉራቸውን በገዛ እጃቸው ሹሩባ እንዲሠሩ ያስተምራል። ለአራቱ ቀናት የከፈልሁት 3,000 ብር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት እንደሚሆን በምዝገባ ጊዜ ተነግሮኛል። ያየሁትን ጉድለት ሳልሸፍን ስለምጽፍ የቤቱን ስም ትቼዋለሁ፤ ተመሳሳይ ትምህርት በሌላ ቦታ ለመውሰድ ያሰበች ሴት ግን ከመክፈሏ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባት ከዚህ ጽሑፍ ታገኛለች ብዬ አምናለሁ።

ለመማር ያነሣሣኝ የእናቴ እጅ መድከም ነው። እናቴ የላስታ ሰው ናት፤ በልጅነታችን የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል እኔንና እህቶቼን ተራ በተራ በጉልበቷ መካከል እያስቀመጠች ለነሐሴ 16 የአሸንድዬ በዓል ትሠራን ነበር። ዛሬ መገጣጠሚያዋን ስለሚያማት ጣቶቿ ቀጭን ዘለላ መያዝ አይችሉም። በበዓል ሰሞን ወደ ፀጉር ቤት ስሄድ ደግሞ ሠሪዎቹ ወረፋውን ለማድረስ እየቸኮሉ አጥብቀው ይስባሉ፤ በዚህ የተነሣ ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር ሳስቶ፣ መልሶ እስኪበቅል ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሻሽ አስሬ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ከዚህ ትምህርት የፈለግሁት የእናቴን ስሪት ራሴ መሥራት መቻልንና ፀጉሬ የሚሳብበትን ልክ ራሴ መወሰንን ነበር።

አስተማሪያችን ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድም ጉንጉን አልጎነጎንንም። ሦስቱም ሰዓት ያለቀው ፀጉር በመክፈል ነው፤ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀጥ ያለ መስመር ማውጣት፣ ማፍረስ፣ እንደገና ማውጣት። ለእኛ ጭራው ብረት የሆነ ማበጠሪያ ሰጡን፤ እርሳቸው ግን የሚሠሩት በእንጨት ሚዶና በወስፌ ነው። ከሁሉ ያስገረመኝ ከፊታችን የነበረውን ትልቅ መስታወት በነጠላ መሸፈናቸው ነው። ከመካከላችን አንዲት ልጅ «እትዬ፣ ሳላየው እንዴት ቀጥ ይልልኛል?» ብላ ስትጠይቃቸው፣ «መስታወቱ ያምታታብሻል፣ የኔ ልጅ፤ ጣትሽ ግን አይዋሽሽም» አሏት። ዘዴው ሲታይ ቀላል ነው። የግራ እጅ ጠቋሚ ጣት መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ማጅራት ላይ ይቀመጣል፤ ቀኝ እጅ የማበጠሪያውን ጭራ ከግንባር አንሥቶ፣ ቆዳውን እየነካ ነገር ግን ሳይቧጭር፣ ወደዚያ ጣት ይነዳል። ለዓመታት በቤቴ በመስታወት እየሞከርሁ መስመሬ አናቴ ላይ ሲደርስ የሚጣመመው እጄ ዓይኔን ስለሚከተል እንደነበር የተረዳሁት ያን ዕለት ነው። በሰባተኛው ሙከራ መስመሬ ቀጥ አለ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻውን የከፈልሁትን ገንዘብ ያካክሳል። እኔ የምጎነጉነው ጉንጉን ራሴ ላይ ተኝቶ ሲቀር፣ የእናቴ ግን እንደ ገመድ ጎልቶ የሚታየው ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልዩነቱ ያለው በዘለላዎቹ አካሄድ ነው። ከሦስቱ ዘለላዎች የዳርና የዳሩ በመካከለኛው ላይ እየተሻገሩ ከሄዱ ጉንጉኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ በመካከለኛው ሥር እየሾለኩ ከሄዱ ግን ከራስ ቆዳ በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። የሹሩባ ውበቱ ይህ ጉልላት ስለሆነ እጃችን በሥር ማሳለፍን እስኪለምድ ድረስ እትዬ በሦስት ቀለም ክር አለማመዱን። ከዚያ በኋላ ወደ ፀጉር ገባን። በእያንዳንዱ ዙር ከመስመሩ ላይ ጥቂት ፀጉር ወደ ዘለላው ይታከላል፤ የሚታከለው መጠን እኩል ካልሆነ ጉንጉኑ አንድ ቦታ ይወፍርና ሌላ ቦታ ይቀጥናል። ሌላ ሰው ሲሠራሽ ይህ አይታወቅሽም፤ የራስሽን ስትሠሪ ግን አናትሽን እንዳለፍሽ የእጅሽ አያያዝ ስለሚለወጥና ክንድሽ ስለሚዝል፣ የመጀመሪያው ግማሽ ጥብቅ፣ ሁለተኛው ግማሽ ልል ይሆናል። ለዚህም መላ አላቸው፤ አናት ላይ ሲደርሱ ዘለላውን ሳይለቁ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግና ክርኖችን ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ሳላውቅ ስንት ሹሩባ ከመንገድ አፍርሻለሁ!

ፀጉሩ ታጥቦ በደንብ መድረቅ እንዳለበትም በዚሁ ቀን ተማርን። እርጥብ ፀጉር ስለሚለጠጥ፣ በእርጥቡ የተጎነጎነው ሲደርቅ ይሰበሰብና ሥሩን ይስባል። ለጋ ቅቤ የሚቀባውም ሹሩባው ካለቀ በኋላ በመስመሮቹ ላይ ነው፤ አስቀድሞ ከተቀባ ጣት ይንሸራተታል።

በሦስተኛው ቅዳሜ የተማርነው አልባሶ ነው። በትግራይ በስፋት የሚታወቀው ይህ ስሪት ወፍራምና ቀጭን ጉንጉኖች እየተፈራረቁ ከግንባር ወደ ኋላ የሚወርዱበት፣ ጫፉም ማጅራት ላይ ተፈትቶ የሚበተንበት ነው። እትዬ ከአልባሶው በፊት በግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕል በማበጠሪያው ጭራ እየጠቆሙ፣ ለጀማሪ የሚሻለው እንደ ንጉሡ ጥቂትና ወፍራም ጉንጉን መሆኑን አሳዩን። ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሹሩባ ይሠሩ እንደነበር ሥዕሎቻቸው ይመሰክራሉ፤ ከእኛ ጋር የተማሩት ሁለት ወጣቶች ግን ሹሩባን የሴት ጌጥ ብቻ አድርገው ያስቡ ስለነበር ለረጅም ጊዜ ከሥዕሉ ፊት ቆመው ነበር። አልባሶውን በተመለከተ የቤቱ ዕቅድ ስሕተት አለበት ብዬ አምናለሁ። ወፍራሞቹን ሁላችንም ጨረስን፤ በመካከላቸው የሚገቡትን ቀጫጭኖች ግን በአንድ ቀን ትምህርት በራሷ ራስ ላይ የሠራች አንዲት ተማሪ እንኳ አልነበረችም። ለዚህ ስሪት ሁለት ቅዳሜ ይገባው ነበር።

የቤቱ ትልቁ ጉድለት የታየው በአራተኛው ቅዳሜ ነው። ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን፤ አስተማሪዋ አንድ ናቸው። ገና አንድ ሰዓት እንደተማርን ለመልስ የሚዘጋጁ ሚዜዎች ስለመጡ እትዬ ወደ እነርሱ ሄዱ፤ እኛም እርስ በርሳችን እየተያየን ቀረን። አስተማሪዋን አልወቅስም፤ ከደንበኛም ከተማሪም ተቀብሎ ሁለቱን በአንድ ሰዓት የቀጠረው ባለቤቱ ነው። የቀረው ሰዓት በሌላ ቀን እንዲካካስ ጠይቀን የተሰጠን መልስ የሚያረካ አልነበረም። ሁለተኛው ቅሬታዬ የጤና ነው። ሹሩባ ሲጠብቅ በግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ስስ ፀጉር ከሥሩ እየተሳበ እንደሚጎዳ፣ ይህም ሲደጋገም ፀጉሩ ጨርሶ እስከማይበቅል ሊያደርስ እንደሚችል ለጀማሪ በመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። እትዬ ይህን ያውቃሉ፤ እጃቸውም ለስላሳ ነው፤ ሆኖም የተናገሩት እኔ ስጠይቃቸው ብቻ ነው። ቅንድብ ወደ ላይ ከተሳበ፣ መስመሩ ዳር ላይ ትንንሽ እባጭ ከወጣ ወይም ሌሊት ትራስ ላይ መተኛት ካስቸገረ ሹሩባው ሳያድር መፈታት አለበት።

ነሐሴ 15 ምሽት ሰባት ጉንጉን ያለው ሹሩባ በራሴ ላይ ሠራሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ከማጅራቴ በስተግራ ያለው አንዱ ላልቶ ስለነበር እናቴ በእጇ ዳስሳ ለይታ አስፈታችኝ፤ የቀሩትን ስድስቱን ግን ከግንባሬ ጀምራ እስከ ጫፋቸው እየዳሰሰች አለፈቻቸው። በግንባሬ ዳር አንድም የሚያመኝ ቦታ አልነበረም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፈታውም ማበጠሪያው ላይ የቀረው ፀጉር ጥቂት ነበር።

ትምህርቱን የምመክረው ፀጉሯ ቢያንስ ከጆሮዋ በታች ለሚወርድና በቤቷ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለመለማመድ ለምትችል ሴት ነው፤ በአራት ቀን ብቻ አልባሶ ለመሥራት የምትመዘገብ ግን ታዝናለች። ከመክፈላችሁ በፊት በአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚደርስና ደንበኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቋረጥ እንደሆነ ጠይቁ። ማበጠሪያውን ቤቱ ይሰጣል፤ ቅቤና መቆንጠጫ ግን ለብቻ ስለሚያስከፍሉ ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል።