የመኪናዬን ካምቢዮ ላተረፉልኝ ጋሼ፦ እግዜር ይስጥልኝ!

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ደግሞም ኦቶማቲክ ፎር ባይ ፎር ይዛችሁ ድንጋይና አሸዋ ለምትገቡ ሁሉ ጥቆማ ነው። ራዲያተር (የሞተሩን ውሃ የሚያበርደውን) መቀየር ካሰባችሁ እኚህን ሰው ሳታማክሩ ገንዘባችሁን አታውጡ። አደራ!

ለካ በኦቶማቲክ መኪና ራዲያተር ውስጥ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት የሚበርድበት ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ ተቀብሮ ይኖራል። ዘይቱ በአንድ ቱቦ ይገባል፣ ሙቀቱን ለውሃው ይሰጥና በሌላው ቱቦ ወደ ካምቢዮው ይመለሳል። የኔው ከውስጥ አፈሰሰና ውሃና ዘይት ተቀላቀሉ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።

የመጀመሪያው ጋራዥ የተበላሸው የቴስታታ ጋስኬት (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው ብሎ ሞተሩን ፈታው። ጋስኬቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡ ግን ተቆረጠ። ሁለተኛው ቦታ ጥያቄ ስጠይቅ «ባልሽ ይምጣና ለእሱ እናስረዳው» አሉኝ። ባሌ እኮ ያቺን መኪና ነድቷት አያውቅም! ጎማ የምቀይረውም፣ ጭቃ ውስጥ ገብቼ የምገፋውም እኔ ነኝ። ብቻ ዋጥ አድርጌ ከፈልኩ።

እነሱ የገጠሙልኝ ራዲያተር አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ችግሩ ለማንዋል መኪና የተሠራ ነው። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን የዘይት ማቀዝቀዣ የለውም። ታዲያ ከካምቢዮው የመጡትን ሁለት ቱቦዎች ምን ቢያደርጓቸው ጥሩ ነው? በቁራጭ ጎማ እርስ በእርስ አገናኟቸው! ዘይቱ እንደጋለ ይወጣል፣ እንደጋለ ይመለሳል። ይህን ሠርተው «በሰላም ንጂ» ብለው ሸኙኝ። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። እናቴ «ይህን ብረት ሽጪውና እረፊ» ማለት ጀመረች።

ጋሼ ጋ ስደርስ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ኮፈኑን ከፍተው አንድም ቃል ሳይናገሩ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ መዘዙ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረጉት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ጨርቁን ለእኔ ዘረጉልኝ። «አሽቺው ልጄ» አሉኝ። እርር ያለ ሽታ ነው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት ቡናማ ሆኗል። ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ እንጆሪ የተመታበት ወተት የመሰለ ሮዝ አረፋ ይዟል። «አረፋው የድሮው ራዲያተር ያስገባው ውሃ ነው። ማረሩ ማቀዝቀዣ የሌለው የአዲሱ ጣጣ ነው» አሉ። በቃ! ያ ሁሉ ሰው ሞተር ፈትቶ ያላገኘውን በአንድ ቁራጭ ጨርቅ አሳዩኝ። «ባልሽን ጥሪ» አላሉኝም።

የማልረሳላቸው ግን ሌላ ነው። የዘይት ማቀዝቀዣ ያለው ራዲያተር አስመጡ። አዲስ፣ ከነካርቶኑ። ዝም ብለው አልገጠሙትም። አንዱን የዘይት ቀዳዳ ደፈኑ፣ በሌላው አየር ሞሉበት፣ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነከሩት። ቆመን ማየት ጀመርን። ምንም የለም። እኔ «ደህና ነው» ልል ስል ከራዲያተሩ አፍ አንዲት ትንሽ አረፋ ብቅ አለች። ቆይታ ሌላዋ ተከተለች። «ይሄን አልገጥምልሽም» አሉና አድርቀው ወደ ካርቶኑ መለሱት። ቢገጥሙት ማን ያውቅባቸው ነበር? ሌላ እስኪመጣ መኪናዋ ጊቢያቸው ቆመች። ለዚያ ምንም አልጠየቁኝም። ሁለተኛውን ነከሩት፤ ንጹሕ ነው። ያኔ ገጠሙ።

ስለ ምርጫው ያሉኝን ልንገራችሁ። እኔ በጣም ወፍራሙን ነበር የፈለግሁት። «ውፍረት ብቻውን አያቀዘቅዝም» አሉኝ። አየሩ ካላለፈበት ዋጋ የለውም፤ ከፋኑም ጋር ሊጋጭ ይችላል። የፋኑ መከለያ በደንብ መግጠሙን እዩ አሉ። ከመንገድ ውጪ ሻሲው ስለሚጣመም ራዲያተሩ የሚያርፍባቸው ጎማዎች ደህና መሆን አለባቸው። ፕላስቲክ ጋኑ ከአልሙኒየሙ ጋር የተቆለፈበት ቦታ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። ስለ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎችና ክንፎች ብዙ አስረድተውኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም።

አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው ነበር፦ ውስጥ ያለው ከሚያፈስ ለምን ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠመውን፣ በነፋስ የሚበርደውን የዘይት ማቀዝቀዣ ለብቻው አላደርግም? እሱ ነፋስ ይፈልጋል አሉኝ። ዳገት ላይ ስትንፏቀቂ ካምቢዮው የሚግለው ያኔ ነው፤ ነፋስ የሌለውም ያኔ ነው። ውሃው ግን ቆመሽም ሙቀቱን ይቀበላል። ብርድ ላይ ደግሞ ዘይቱን ቶሎ ያሞቀዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ገጠሙልኝ፤ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ቀጥሎ ፊት ባለው ያልፋል።

ካምቢዮውንም ዘይቱን ደጋግመው እየቀየሩ አጠቡት። ውሃና ኩላንት (ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ) የውስጡን ፍሪሲዮን፣ ማለትም ማርሹን የሚይዙትን ሸካራ ዲስኮች፣ ሙጫ ያላቅቃል አሉ። የኔው ለጥቂት ነው የተረፈው። በነገራችን ላይ ይህ ጣጣ የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የወጡ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር መኪኖች በዚሁ በሽታ የታወቁ ናቸው። ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ የራዲያተሩን ዋስትና እስከማራዘም ደርሷል።

አሁን መኪናዬ ያንኑ ዳገት ሳትጮህ ትወጣለች። እናቴም ስለ ሽያጭ ማውራት ትታለች። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እልካለሁ። ስትሄዱ የመኪናውን ሞዴል፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን ዓይነት ጽፋችሁ ያዙ። የካምቢዮው ዘይት ከውሃ ጋር መቀላቀሉን ከጠረጠራችሁ ሞተር አታስነሱ፣ አስጎትታችሁ ውሰዱት። ሥራ ላይ ስልክ ስለማያነሱ በአካል ሂዱ፣ በጠዋት ሂዱ፣ ብቻ ሂዱ!